ታላቁ ሣጥን ሲነሣ

ጥቅምት 6

እዚያ ማዕድን ማውጫው ድረስ፣ በልጄ እጅ ይግባልኝ።

እንዴት ከርመሃል? አቧራውስ? እኔ ጤነኛ ነኝ። ጤነኛ ነኝ ካልኩህ በኋላ ደግሞ አትጠይቀኝ፤ ባለፈው ደብዳቤህ ላይ መጀመሪያው ላይም፣ መሐሉም ላይ፣ ከፊርማህ በታችም ጠይቀኸኛል። ወረቀት አታባክን።

ጽሕፈቴ ተንጋዷል፣ ታገሠኝ። እናትህ በነበረች ጊዜ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከታች ስሜን ብቻ እሞነጭር ነበር። አሁን የሆስፒታሉ ጸሐፊ ይንገሩኝና ልጻፍልዎት ብትለኝ እምቢ አልኳት። የአባትና የልጅ ወሬ ግቢው ሁሉ ሊሰማው ነው? ፊደል ሲጠፋኝ ከበሩ ላይ ካለው ማስታወቂያ እያየሁ እገለብጣለሁ። ለዚህ ነው «መግባት ክልክል ነው» ውስጥ ያሉት ፊደሎች ከሌሎቹ አምረው የምታያቸው።

ስልክ ለምን አያነሡም ላልከው፣ ስልክ አልወድም። ሰው ሲነጋገር ፊት ለፊት ነው። ደግሞ እዚያ ከሄድክ ወዲህ ድምፅህ ቀጥኗል፤ በደንብ አትበላም መሰለኝ።

ሣጥኖቹ ደህና ናቸው። አንተ ራውተር ትላቸዋለህ፣ እኔ ሣጥን እላቸዋለሁ፤ ለእነሱ ሁለቱም አንድ ነው። ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ድሮ የተሰበረ ቃሬዛ ይቀመጥባት በነበረችው፣ ታላቁ ከላይ ታናሹ ከታች እንዳስቀመጥካቸው ናቸው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከአንገቴ የሚያወርደው የለም።

ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ፣ ወደ ኢንተርኔቱ፣ ለመውጣት የሚያውቁት አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ያ አድራሻ ግን የታላቁም የታናሹም አይደለም፣ ተረኛ የሆነው ይይዘዋል አልከኝ። አልገባኝም ስልህ በመስኮት ወደ በሩ አሳየኸኝ። ሰው መጥቶ ዘበኛ ብሎ ሲጣራ እኔ ብኖር እኔ እወጣለሁ፣ ረጅሙ ቢኖር ረጅሙ ይወጣል፤ ጠሪው በሩ ይከፈትለት እንጂ የማን ስም እንደጠራ ምን አገባው? አልከኝ። ያኔ ገባኝ። ታላቁ ሳያቋርጥ አለሁ፣ አለሁ ይላል፤ ታናሹ ከታች ሆኖ ያዳምጣል። ድምፁ ሲጠፋበት ታናሹ ተነሥቶ አድራሻውን ይይዛል፣ በሽተኛውም ሐኪሙም ሳያውቅ ሥራው ይቀጥላል።

ታላቁ ሲድንስ? ብዬ የጠየቅኩህንም አልረሳሁም። እንደ አሠራሩ ነው፣ ታናሹ ይቀጥል ማለትም ይቻላል ስትለኝ ተቆጣሁህ። ሰው ታመመ ተብሎ ወንበሩ ይወሰዳል? ሲድን ይመለስለት አልኩ። ሳቅክና እሺ አባዬ ብለህ እንዳልኩህ አደረግከው። ደግ አደረግክ።

ረጅሙ፣ ያው በሩን የምንፈራረቅበት ባልደረባዬ፣ ሰላም ብሎሃል። ዛሬም መዝጊያውን ሳይከፍት ከላይ አሻግሮ እያየ ሰው ያስደነግጣል።

አባትህ

ኅዳር 11

ለልጄ

ማን ነው ታላቁን የሚነካው ብለህ ስትጽፍልኝ እንደ ሌባ ነው የቆጠርከኝ። ይሁን፣ ልጄ ነህና ተውኩልህ።

ይህን የነገረችህ ሲስተር መሆኗን አውቃለሁ። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ብቻ አይደለችም፣ የወሬውም ኃላፊ ናት። ሴትየዋን አልጠላትም፤ እናትህን በመጨረሻዋ ቀን ያጠበቻት እሷ ናት። ግን አፏ አያርፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቁ አልፎ አልፎ ያንቀላፋል። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ላልቷል፤ ከበድ ያለ መኪና በበሩ ሲገባ ግድግዳው ይንቀጠቀጥና መብራቱ ጥፍት ይላል። እኔ እያለሁ ግን አያሳስብህ። ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩበት። በመስኮት እያየሁት ነው የምውለው፤ መብራቱ ሲጠፋ ገብቼ ስፒናውን ጫን ሳደርገው ይነሣል። ለዳይሬክተሩ ለምን አልተናገሩም ላልከው፣ ያንተን ሥራ ሰው ፊት ላዋርድ ነው? ዘበኛው ልጁን አስተምሮ እዚህ አደረሰ እያሉ ነው የሚያወሩት። ተበላሸ እንዲሉ አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ታላቁ ሲተኛ ከየክፍሉ የሚጮህ የለም። እኔ ሮጬ ገብቼ ሳነሣው ነው መስመር ተቋረጠ፣ መስመር ተቋረጠ እያሉ በየበሩ ብቅ የሚሉት። ሰው ምስጋና አያውቅም።

ወደቀ ያለችህ ውሸት ነው። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር።

ተኝቶ ነበር ላለችህም፣ ሐኪሙ አስተኛኝ እንጂ አልተኛሁም። ደሜን ለኩ፣ ከዚያ ልቤን ሰሙ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሐኪም አንገቱን ካልነቀነቀ ደመወዝ የሚከለከል ይመስለዋል። ስወጣ ረጅሙ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነሣ አልኩት። ተነሣ። ጋሼ ትንሽ ቢያርፉ ምናለ የሚል ነገር አጉረመረመ፤ ከንፈሩን አየሁት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። እናትህ ከሄደች ወዲህ ቤት ገብቼ ማንን አያለሁ? እዚህ ቢያንስ ሰው ይጣራል።

አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ አልከፈተም ማለቷን ግን ለክፋት አላደረገችውም እላለሁ። የመኪናው ጥሩምባ ደክሟል። ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ፣ ያሠራው።

ስለላክህልኝ ሹራብ ይስጥልኝ። እጅጌው ይረዝማል፣ ለረጅሙ ሊሆነው ይችላል፤ አልሰጠውም ግን።

አባትህ

ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለውድ አባቴ

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስዎት። እኔ ደህና ነኝ፣ ደግሞም እበላለሁ።

ታላቁ ሲተኛ የሚጮህ የለም ብለው ለተገረሙት፣ ምክንያት አለው። አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ታላቁ ሲጠፋ ማንም የማይጮኸው ታናሹ በዓይን ጥቅሻ ቦታውን ስለሚይዝ ነው። የታሰበውም እንደዚያ ነበር። ታላቁን ሲያነሡት ግን ገና እንደነቃ አድራሻውን ከታናሹ ይቀበለዋል፤ ቦታው የኔ ነው እንዲል አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ችግሩ ያን ጊዜ የራሱ የውጭ መስመር ገና አልተነሣም። ክፍሎቹ ሁሉ ይጠሩታል፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል እንጂ የሚያስወጣቸው መንገድ የለውም። መስመሩ እስኪነሣ ድረስ ሆስፒታሉ ከውጭ ይቆረጣል። ታናሹም አለሁ የሚለውን ድምፅ ስለሚሰማ ዝም ብሎ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ እባክዎን መብራቱ ቢጠፋም አይንኩት። ሞቶ ይቆይ። ሞቶ ሲቆይ ማንም አይጎዳም።

ከዚህ ሆኜ ላስተካክለው አልችልም። እኔ ከወጣሁ በኋላ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፤ መቀየሩ ትክክል ነው። ዳይሬክተሩ ለጥገና ድርጅቱ በጽሑፍ ካላዘዙ ማንም እጁን አያስገባም። ጻፍኩላቸው፣ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ለሲስተርም ላኩባት፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው፣ እኔ ስለምነው የማይሰማኝ ይመስላል፣ ምን ላድርግ አለችኝ። ከእኔ በቀር የማንንም እሺ እንደማይሉ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ያለኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው። የጭነት መኪናው መንገድ ደለል ዘግቶታል ይላሉ። መቼ እንደሚደርስዎት እንጃ።

ጆሮዎን ይታዩልኝ። አይቆጡ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 19

ለልጄ

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ከነገሩ በኋላ ነው የደረሰው።

ሲስተር ሳትጽፍልህ አትቀርም። ካልጻፈች እኔ ልንገርህ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ጭንቅ የያዛት ሴት ነበረች። ቀዶ ጥገና የሚያውቀው ሐኪም በሌላ ከተማ ሆኖ በስክሪን እያየ እዚህ ላለው ሐኪም እንዲህ አድርግ፣ እዚህ ላይ ያዝ እያለ ይመራው ነበር። እኔ ይህን አላወቅኩም። እኔ ያየሁት የታላቁን መብራት ነው። ኦክስጅን የጫነው መኪና ሲገባ ጠፋ።

ሮጬ አነሣሁት።

ሴትየዋ ተርፋለች። ስለሌላው አትጠይቀኝ።

ሲስተር ወጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበችና ተመልሳ ገባች። ምነው በሰደበችኝ።

አባትየው ማምሻውን ሲወጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ይስጥልኝ አባባ አለኝ። ይህን ቃል በደንብ ሰማሁት።

ካርቶኑን ከሶኬቱ አወጣሁት። ታላቁ ጠፍቷል። አልነካሁትም።

አባትህ

ጥር 8

ለልጄ

የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የሠራሁት እኔ ነኝ እያልክ አትጻፍልኝ። እምቢ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አንተማ አዋቂ ሆነህ ሳለ ለሽማግሌ አባትህ ብለህ ነው። መስመሩ ባይቆረጥስ ይተርፍ ነበር ወይ ላልከውም ሐኪሙን ጠየቅኩት። ላይተርፍም ይችል ነበር አለኝ፤ እትብቱ ቀድሞ አንገቱን ይዞት ነበር። ሲስተርም እንደዚያው ትላለች። ደግ ሰዎች ናችሁ ሁላችሁም። ላይተርፍ ይችል ነበር ማለት ግን ሊተርፍም ይችል ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። የሚነግረኝ ደግሞ የለም። አንተም አታውቀው።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። እንደምታውቀው እዚህ ግቢ ስኖር እዚያ ቢሮ ገብቼ ምንም ለምኜ አላውቅም፤ እናትህ ስትታመም እንኳ ፈቃድ የጠየቀችልኝ ሲስተር ናት። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። ተቀመጡ ሲለኝ አልተቀመጥኩም።

ለጥገና ድርጅቱ ይጻፍልኝ አልኩት። ሶኬቱ ይቀየር፤ ከሶኬቱ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ታላቁ አንድ ጊዜ ከወደቀ፣ ቢነሣም ወንበሩን መልሶ እንዳይይዝ። ታናሹ ይዞ ይቀጥል። ታላቁ ከኋላ ሆኖ ያዳምጥ፤ ታናሹ ካቃተው ብቻ ይነሣ። አንተ በኋለኛው ደብዳቤህ የጻፍከውን ቃል በቃል አጥንቼው ነበር የገባሁት።

ዳይሬክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ እንድሰማው እያደረገ፣ «አባባ፣ ስለ ራውተሩ ነው የሚነግሩኝ?» አለ።

«ሌላ ስለ ምን ይሆናል?» አልኩት።

ወረቀት ሳበ። ከዚያ ጽፎ ፈረመ፣ ማኅተም አስመታበት። ልወጣ እጀታውን ስይዝ ከኋላዬ የተናገረ መሰለኝ። ዞር አልኩ።

«እርስዎስ?» አለኝ።

እኔ ምን ሆንኩ ብዬው ወጣሁ።

ወጣሁ እንጂ ሩቅ አልሄድኩም። ከአስተዳደሩ ሕንፃ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ያን ቀን ረዘመብኝ። ወንበሬ ባዶ ነበር። ረጅሙ ከጎኑ ቆሟል፤ እኔ ሳልኖር እንኳ አልተቀመጠበትም። ከአንተ ጋር የነበረችኝን ያቺን ክርክር አስታወስኩ። ሰው ታመመ ተብሎ ወንበሩ ይወሰዳል? ያልኩት የሣጥኑን አልነበረም። አንተ ያኔም ገብቶህ ይሆናል የሳቅከው። ገብቶህ ከሆነ ለምን ዝም አልክ? ተወው፣ ሰምቼህ አላውቅም።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለረጅሙ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቁጭ በል አልኩት። ጋሼ ቆሜ ይሻለኛል አለ፤ አፉን ሳይሆን እጁን አይቼ ነው ያወቅኩት። ቁጭ በል ብዬ ጮህኩበት። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ፤ ወንበሩ ለእኔ ልክ የተሠራ ነውና ለእሱ የሕፃን ወንበር ነው የሚመስለው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አባትህ

የካቲት 3

ለልጄ፣ ለጎበዜ

የጥገናው ልጅ መጥቶ ሠርቶ ሄዷል። ሶኬቱ አዲስ ነው። ታላቁን አነሣው፣ ተነሣ፤ ታናሹም ቦታውን እንደያዘ ቀረ፣ ከየክፍሉ ብቅ ያለ ሰው የለም። ሲስተር በመስኮት በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ። ታርቀኝ፣ ደህና ዋል ትበለኝ እንጃ፤ ሩቅ ናት።

አሁን የት ይቀመጣሉ ላልከው፣ ከዘበኛ ቤቱ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ዳይሬክተሩ ምንም አላለኝም፣ ስሜም ከተረኛ ሰሌዳው ላይ አልተሰረዘም፤ ከረጅሙ ስም ሥር ወርዷል። እንደ ሣጥኑ መሆኔ ነው። ከኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ፣ ረጅሙ ካቃተው እነሣለሁ።

ጆሮዬን ታየሁ፤ ለአንተ ስል ነው። ሐኪሙ መብራት አስገባ፣ ጆሮዬ ሥር አጨበጨበ፣ ቀኝ ነው ግራ አለኝ። በመጨረሻ በወረቀት ጻፈልኝ፤ አውቄ ያልሰማሁት እንዳይመስለው እኔም በወረቀት መለስኩለት። ሥሩ ነው የሞተው ይላል። መሣሪያ ቢገባበትም ብዙ አይፈይድም። ስለዚህ ልግዛልዎት ያልከውን ተው። ድምፅህም አልቀጠነም ነበር ማለት ነው። አግባብ አይደለም ሳትበላ ቀርተሃል ማለቴ።

ባለፈው በጠየቅኩህ ላይ የጻፍክልኝን መልስ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። በታላቁና በታናሹ መካከል ያለው ሽቦ ቢበጠስስ ብዬህ ነበር። እንዲህ አልክ፦ አንዱ አለሁ ማለቱን አያቆምም፣ የሚያዳምጠው ግን ስለማይሰማ ሞቷል ብሎ ያስባል፤ ተነሥቶ ቦታውን ይይዛል። ያን ጊዜ ሁለቱም ተረኛ ነኝ ይላሉ፣ ቤቱም ይረበሻል። ከመሞት ይልቅ ይህ ይከፋል፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸውና ማንም አይጠረጥርም ብለሃል።

ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አግዳሚዋ ላይ ሆኜ ከበሩ ምንም ድምፅ አይመጣልኝም። መኪና የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ዘበኛ የሚል የለም፣ ረጅሙም የለም። ዝም ነው። ዝም ሲል ሰው የለም እላለሁ፤ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ። ስደርስ ረጅሙ አለ፣ መኪናውም አለ፣ በሩም እየተከፈተ ነው። እሱ ይስባል፣ እኔ እገፋለሁ። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ያየናል። ይህን በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደማደርገው አልነግርህም። ረጅሙ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ጋሼ አለሁ፣ ይላል መሰለኝ። አለሁ፣ አለሁ። ሳያቋርጥ ይለኛል፤ እኔ ጋ አይደርስም እንጂ።

ለካ እልከኛ ብቻ አይደለሁም፤ ሽቦዬም ተበጥሷል። እልከኛም ነኝ።

ይህን ለረጅሙ ነገርኩት፤ የሽቦውን ነገር፣ የአንተን ደብዳቤ። ሲሰማኝ ቆይቶ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ከፍ አድርጎ መልሶ አጠለቀው። ምንድነው? አልኩት። ወደ ራሱ አመለከተ። ደግሞ ከፍ አደረገው። ገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየመሐሉ ወደ እኔ ዞሮ ኮፍያውን ያነሣልኛል፤ ቁመቱ ለዚህ በጀው፣ ከመኪና በላይ እንኳ ይታየኛል። እኔም እጄን አነሣና እቀመጣለሁ። የሚገቡት ሰዎች ለእነሱ ሰላምታ እየሰጠ መስሏቸው መልሰው ኮፍያቸውን ያነሣሉ። ዘበኛው ጨዋ ነው እያሉ ያወሩለታል አሉ።

ፀሐይ ወደ በሩ ስትዞር ግን ዓይኔን ትይዘኛለች፣ ኮፍያውም ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ እግሬ ብድግ በል ብድግ በል ይለኛል። ጉልበቴን በሁለት እጄ ተጭኜ እቆያለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር የለኝም፤ ተቀምጦ መጠበቅ እንዲህ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት ደግሞ ለክትትል ስትመጣ በዚሁ በር ነው የምትገባው። ስትገባ ቀና ብዬ አላያትም።

መንገዱ ሲከፈት ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ ብለሃል። ሥራህን አትበድል። ከመጣህ ግን ከሩቅ ዘበኛ ብለህ አትጣራ፤ ጠጋ ብለህ ትከሻዬን ንካኝ።

ይህን እየጻፍኩ ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ረጅሙ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ከባድ መኪና እያስገባ ነው። አግዳሚዋ ከሥሬ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ገና አልዞረም። ብዕሩን ይዤ እየጠበቅኩት ነው።

አሁን ዞረ፤ ኮፍያውን አነሣው።

አባትህ